ድንኳኑን ማን ይሰፋዋል?

ጳጉሜን 6 ቀን 2015 ዓ.ም.፣ ሰኞ ጠዋት። ካይሮ፣ ሐዳይቅ አል-መዓዲ፣ ገና ከአልጋዬ አልወረድኩም። ስልኩ ጮኸ። የደወሉት አዲስ አበባ ያሉ የአንድ ቁጠባና ብድር ማኅበር ሒሳብ ሹም ናቸው። እንደ ወትሯቸው ጤናዬን፣ ቤተሰቤን፣ የግብፅን ሙቀት አልጠየቁም።

«አንተ ልጅ፣ ዛሬ ስንት ቀን ነው?»

«ጳጉሜን 6 ነው፣ ጋሼ።»

«እኔም የማውቀው እንደዚያ ነው። አንተ የሠራህልን ፕሮግራም ግን መስከረም 1 ነው ይላል። አንዲት ጉልት ቸርቻሪ ዛሬ ቀነ ገደቧ ነው ብላ ብሯን ቋጥራ መጣች። ‹አሳልፈሻል› ብሎ ቅጣት ጻፈባት። ምን ልበላት? ኮምፒውተሩ አንድ ቀን በልቶብሻል ልበላት?»

መልስ አልነበረኝም። ቀኑን የበላው የእኔ ኮድ አልነበረም፤ እኔ ሳላኝክ የዋጥኩት የሌላ ሰው ኮድ ነበር። የኢትዮጵያን ዘመን አቆጣጠር የሚያሰላ፣ የወራቱን ስም በአማርኛ የሚያወጣ፣ ጾምና በዓላቱን በባሕረ ሐሳብ የሚያስቀምጥ አንድ ትንሽ ኦፕን ሶርስ ፓኬጅ ነው። ኦፕን ሶርስ ማለት ኮዱ ለሁሉም የተከፈተ፣ ማንም በነፃ ወስዶ የሚጠቀምበት፣ የሚያርመው፣ የሚያባዛው ሶፍትዌር ማለት ነው። ይህ ፓኬጅ በ2013 ዓ.ም. ተጽፎ፣ በ2014 ዓ.ም. ተትቶ፣ ከዚያ ወዲህ ዘወር ብሎ የጠገነው አልነበረም።

ስሕተቱ የአንዲት መስመር ስሕተት ነው። ጸሐፊዋ ዓመቱን ለ4 አካፍላ፣ ቀሪ ከሌለ ለዚያ ዓመት 6ኛዋን ጳጉሜን ሰጠች። ይህ የፈረንጅ የካቲት ልማድ ነው። የእኛ ግን ለ4 ሲካፈል 3 የሚተርፈው ዓመት ነው፤ ዘመነ ሉቃስ። ፓኬጁ የሉቃስን ቀን ነጥቆ ለዮሐንስ ሰጠ። ከዚያች ሰኞ ጀምሮ 2016 ዓ.ም.ን ሙሉ አንድ ቀን እየቀደመ ይሄድ ነበር ማለት ነው። ይባስ ብሎ ስሕተቱ ተንኮለኛ ነው፦ በዘመነ ዮሐንስ ገና የሚውለው ታኅሣሥ 28 ነው፤ ፓኬጁ ያንኑ ቀን «ታኅሣሥ 29» ብሎ ያሳያል። የማያውቅ ሰው አይቶ «ትክክል ነው» ይላል።

ከእኔ በታች ባለው ፎቅ የሚኖሩት ኮፕት ጎረቤቴ ግድግዳ ላይ የተሰቀለው የቤተ ክርስቲያን ቀን መቁጠሪያ ግን ያችን 6ኛ ቀን አልዘነጋትም። እነሱ ትንሿን ወር ናሲ ይሏታል፤ ዓመቱ በእነሱ 1739 ነበር፤ በማግሥቱ ናይሩዝን አከበሩ፣ እኛም እንቁጣጣሽን። ሁለቱ አቆጣጠሮች ወንድማማቾች ናቸው፤ 276 ዓመት ብቻ ይለያያሉ። ዓለም በሙሉ የሚጠቀምበት አይሲዩ የተባለው የሶፍትዌር ስብስብ እንኳ የኮፕትንና የኢትዮጵያን አቆጣጠር ከአንድ የጋራ ወላጅ ኮድ ነው የሚያወልዳቸው። የካይሮ ባለታክሲ ኢትዮጵያዊ መሆኔን ባወቀ ቁጥር ስለ ዓባይ ግድብ ይሞግተኛል፤ በዚያ ኮድ ውስጥ ግን እኔና እሱ አንድ ጣራ ሥር ነን። ያን ጣራ የሚጠብቁት ሰዎች አሉት። የእኔ ፓኬጅ አልነበረውም።

ያናደደኝ ስሕተቱ አይደለም። ስሕተት የሰው ነው። ያናደደኝ፣ አንድ ሰው በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. «ጳጉሜን ላይ ይህ ነገር ይሰበራል» ብሎ፣ መስመሩን በጣቱ ጠቁሞ፣ ማረሚያውን ሳይቀር ጽፎ ያስቀመጠ መሆኑ ነው። 5 ወር ሙሉ መልስ የሰጠው የለም። እኔስ? ፓኬጁን ለአንድ ዓመት ያህል ስጠቀምበት ያ ጥቆማ የሰፈረበትን የፓኬጁን ገጽ አንድ ቀን ከፍቼ አላየሁም። ስለዚህ የመጀመሪያው ተከሳሽ እኔ ነኝ። ይህን ካመንኩ በኋላ ሌሎቻችሁንም ለመክሰስ መብት ያለኝ ይመስለኛል።

ያን ማረሚያ በራሴ ቅጂ ላይ ለማስገባት 20 ደቂቃ በቃኝ፤ በዚያ ክረምት ካይሮ ላይ መብራት በፈረቃ ይጠፋ ስለነበር 20ውም ደቂቃ በላፕቶፕ ባትሪ ነው። ማረሚያውን ለሁሉም ተጠቃሚ ለማድረስ ግን 3 ሳምንት ፈጀብኝ። ለምን? አዲስ እትም የማውጣት ሥልጣን፣ ቁልፉ፣ በአንድ ሰው እጅ ብቻ ነበር። ያች ሰው መልስ የሰጠችኝ መስከረም ሊጋመስ ሲል ነው፦ «ሥራ ቀይሬያለሁ፣ ወልጃለሁ፣ እንቅልፍ የሚባል ነገር ረስቻለሁ። ከፈለግህ ውሰደው።» ቁልፉንም አያይዛ ላከችልኝ። ማን እንደሆንኩ አልጠየቀችኝም። ሌባ ብሆንስ?

አልጋ ወራሽ የሆንኩ መስሎኝ ነበር፤ ለካ ዕዳ ወራሽ ነኝ። 43 ያልተመለሱ አቤቱታዎች ጠበቁኝ። በሳምንቱ ደግሞ በየቀኑ ገንዘብ በሚያንቀሳቅስ ሥርዓቱ ውስጥ ፓኬጁን የሚጠቀም አንድ ትልቅ ድርጅት ደብዳቤ ላከልኝ፦ «ደንበኞቻችን እየተማረሩ ስለሆነ እስከ ዓርብ እንዲስተካከል በጥብቅ እናሳስባለን።» በጥብቅ! «ምስጋና ይድረሳችሁ፤ አንድ ፕሮግራመራችሁን ለግማሽ ቀን ብታውሱኝ ማረሚያውን አብረን እንፈትሸዋለን» ብዬ መለስኩ። ጸጥ። ሲያሳስብ የነበረው እጅ አግዝ ሲባል ኪስ ውስጥ ገባ።

ነገሩን ለሒሳብ ሹሙ ሳጫውታቸው ሳቁብኝ። በሰፈራቸው እድር ለብዙ ዓመታት ጸሐፊ ሆነው ያገለገሉ ሰው ናቸው። «ይሄ ኮድ የምትሉት የጋራ ነው አላልከኝም?»

«የጋራ ነው፣ ጋሼ።»

«ዳኛው ማነው? ጸሐፊው? ገንዘብ ያዡ?»

«የለም።»

«እነዚህ የሌሉት ነገር የጋራ አይባልም፤ የወደቀ ዕቃ ነው የሚባለው።»

ይኸው ነው። እኔ በሦስት ወር ንዴት ያልደረስኩበትን በአንድ አፍ ጨረሱት።

እኛ ደቦ እናውቃለን። አጨዳ ሲደርስ ተጠራርተን፣ እየዘፈንን፣ ጠላችንን እየጠጣን ማሳውን በአንድ ቀን እናነሳለን። ዛሬ በየከተማው የሚደገሰው ሀካቶን ማለት ቲሸርት የለበሰ ደቦ ነው፦ 48 ሰዓት ያለ እንቅልፍ፣ ዳኞች፣ በካርቶን የተሠራ ትልቅ ቼክ፣ ፎቶ። ሰኞ ሲነጋ ኮዱ ይሞታል፤ ቀባሪ የለው፣ ለቀስተኛ የለው። የምረቃ ሪባን ስንቆርጥ መቀሳችን ስለታም ነው። የተመረቀው ነገር በዓመቱ እንዴት እንዳደረ ግን የሚጠይቅ የለም። ለመሥራች ሐውልት እናቆማለን። ጠባቂው ግን ስሙን የሚጠይቀው የለም።

እድር ደቦ አይደለም። በእድር ዘፈን የለም። በየወሩ ዝናብ ይዝነብ ፀሐይ ይውጣ መዋጮ አለ፤ ያልከፈለ ይቀጣል። ድንኳኑ ሲቀደድ የሚሰፋው አለ። ድስቱ ሲመለስ የሚቆጥር፣ አንድ ክዳን ከጎደለ «የማን ቤት ቀረ?» ብሎ የሚያፋጥጥ ንብረት ያዥ አለ። ሰውዬው ነገረኛ ነው ይሉታል፤ ለቅሶ ቤት ዝናብ ሲመጣ ግን ሁላችንም የምንጠለለው በእሱ ነገረኝነት ሥር ነው። ኮድ መጻፍ በደቦ ይሆናል። ኮድ ማቆየት ግን በእድር ብቻ ነው የሚሆነው። እኛ የያዝነው ድንኳን ነው፤ እድር የሌለው ድንኳን። ሁሉም ይዋሳል፣ ሁሉም ይቀድዳል፣ ሁሉም «ለምን ያፈሳል?» ይላል።

«ይህ የድሃ አገር ችግር ነው» ለሚሉኝ ምሳሌውን ከምኖርበት አገር አመጣለሁ። ካሌድ ሆስኒ የሚባል ግብፃዊ የፎንት ባለሙያ አለ። የግብፁ ገዢ የሙሐመድ ዓሊ ማተሚያ ቤት በ1820 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው እዚሁ ካይሮ ቡላቅ ውስጥ ነው፤ የ1924ቱ የካይሮ ቁርዓን የታተመበት ያማረ የፊደል ቅርጽ ከዚያ የወጣ ነው። ሆስኒ ያን ቅርጽ አሚሪ በሚል ስም ለኮምፒውተር አድርሶ ለዓለም በነፃ ለቀቀው። ይህ መሥራችነት ነው፤ ያስጨበጭባል። እኔን የሚያስደንቀኝ ግን ሌላው ሥራው ነው። ጆናታን ኪው የተባለ ሰው በ2004 እ.ኤ.አ. ያወጣው ዚቴክ የሚባል የጽሑፍ ማሰናጃ ፕሮግራም አለ፤ የዓለምን ፊደላት በሙሉ አሳምሮ ለሕትመት ያዘጋጃል። ጥገናውን ከመሥራቹ ተረክበው ካስቀጠሉት አንዱ ሆስኒ ነው። በ2013 እ.ኤ.አ. ያረጀው የፊደል መደርደሪያ ሞተሩ ወጥቶ ሃርፍባዝ በሚባለው ተተካ። ሊነክስ ሊበርቲን የተባለው ፎንት ሥራው ሲቆምም ሆስኒ ሊበርቲነስ ብሎ ቀጠለው፤ ቆየት ብሎ ደግሞ እሱንም ለሌላ ጠባቂ አስረከበ። ተረክቦ ማስረከብ፦ በእኔ ሚዛን ከዚህ የሚበልጥ ጀግንነት በዚህ ሙያ የለም።

አሁን ልብ በሉ። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ሆስኒ የዚቴክን ጥገና ከተረከበ ወዲህ የመመረቂያ ጽሑፉን፣ የግእዝ መጽሐፉን፣ የአማርኛ መዝገበ ቃላቱን በዚያ ፕሮግራም ያሰናዳ ኢትዮጵያዊ ሁሉ አንድ ግብፃዊ ባደሰው ቤት ያደረ እንግዳ ነው። በዓባይ ስንከራከር አፋችን ሰፊ ነው። ለዚህ ሰው ግን ስንቶቻችን «እግዚአብሔር ይስጥልን» አልን?

በካይሮና በእኛ መካከል ደግሞ የቆየ የአንድ ቁልፍ ታሪክ አለ። ለ16 መቶ ዓመታት ያህል ጳጳሳችን የሚሾመው ከእስክንድርያ መንበር ነበር። ቄስና ዲያቆን የሚሾመው እሱ ብቻ ነበር። እሱ ሲያርፍ መልእክተኞች ወርቅ ይዘው፣ በረሃ አቋርጠው እዚህ መጥተው ደጅ ይጠኑ ነበር። አቡነ ቄርሎስ ካረፉ በኋላ አቡነ ሰላማ በ1841 እ.ኤ.አ. እስኪመጡ ድረስ አገሪቱ ከ10 ዓመት በላይ ያለ ጳጳስ ቆየች። ክህነት የሚሰጥ እጅ ጠፋ። ጥፋቱ የማን ነበር የሚለውን የታሪክ ሊቃውንት ይነጋገሩበት፤ እኔ የማየው ቁልፉን ነው። አጼ ዮሐንስ 4ኛ ነገሩ ገብቷቸው ነበር፤ በ1881 እ.ኤ.አ. በአንዴ 4 ጳጳሳት አስመጡ። አንድ ሰው ሲያርፍ ሥራው ሁሉ አብሮት እንዳያርፍ። ያን ያህል ጊዜ በአንድ እጅ ላይ ተንጠልጥሎ የኖረ ሕዝብ ልጆች፣ ዛሬ የምንተማመንበትን ሶፍትዌር ሁሉ እንደገና በአንድ እጅ ላይ አንጠልጥለን ተኝተናል።

ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይባላል። ባለቤቱ ሲደክምስ? ኤክስ-ዜድ የተባለ ትንሽ የፋይል መጭመቂያ ፕሮግራም አለ፤ በብዙ የዓለም ሰርቨሮች ውስጥ ይሠራል። ላሴ ኮሊን የተባለ ሰው ያለ ክፍያ፣ በትርፍ ጊዜው ብቻውን ሲጠብቀው ኖረ። ሰውዬው ሲደክም ጂያ ታን የተባለ «በጎ ፈቃደኛ» መጣ። ማንነቱ እስከ ዛሬ አይታወቅም። ለሁለት ዓመት ያህል በትሕትና ሠራ፣ ታመነ፣ ቁልፉን ተካፈለ። ከዚያ በ2024 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ በወጡት እትሞች ውስጥ የጓሮ በር ቀበረ። የዳንነው አንድሬስ ፍሮይንድ የሚባል መሐንዲስ ወደ ሰርቨሩ ሲገባ ግማሽ ሰከንድ ያህል መዘግየቱ ስላላስተኛው ነው። ግማሽ ሰከንድ! በ2018 እ.ኤ.አ. ኢቨንት-ስትሪም የተባለውን ፓኬጅም የደከመ ባለቤቱ ለጠየቀው እንግዳ አስረከበው፤ እንግዳውም የቢትኮይን ቦርሳ የሚሰርቅ ኮድ አስገባበት። እኔም እኮ ያን ቁልፍ በአንድ ደብዳቤ ነው ያገኘሁት። እኔ ሌባ አለመሆኔ የናንተ ብልሃት አይደለም፤ ዕድላችሁ ነው።

ታዲያ ጠባቂው እንዳይደክም ማን ይክፈል? መልሱ ከቤቴ ሩቅ አይደለም። በሮዳ ደሴት ላይ በ861 እ.ኤ.አ. የተሠራ የዓባይ መለኪያ ጉድጓድ አለ። ከእኛ ደጋ የወረደው ክረምት በዚያ የድንጋይ ዓምድ ላይ በክንድ ይለካ ነበር። የዓመቱ ግብር የሚወሰነው በዚያ ልክ ነበርና ገዢዎቹ ለመለኪያው ጠባቂ ደመወዝ ቆረጡ፤ የአል-ራዳድ ቤተሰብም ሥራውን ከአባት ወደ ልጅ እያስተላለፈ ለመቶዎች ዓመታት ያዘው። ሥርወ መንግሥት በሥርወ መንግሥት ላይ ሲገለበጥ ጠባቂው ቆየ። ገዢዎቹ ደግ ስለነበሩ አይደለም፤ መለኪያው ከተሳሳተ ግብራቸው ስለሚሳሳት ነው። የዘመናችን ገዢዎች ግን ከእነሱ ባሱ። የኢንተርኔትን ምስጢር የሚጠብቀው ኦፕን-ኤስኤስኤል በ2014 እ.ኤ.አ. ትልቁ ቀዳዳው እስኪገለጥ ድረስ በስጦታ የሚያገኘው በዓመት 2,000 ዶላር ያህል ነበር። ቢሊዮን የሚቆጥሩ ድርጅቶች የተጠለሉበት ድንኳን!

«ነፃ አይደል እንዴ?» ትሉኛላችሁ። ጠበልም ነፃ ነው፤ ምንጩን የሚጠርግ ግን አለ። «እኛ እንጀራ ያልጠገብን ሕዝብ ነን፤ ይህ የጠገበ ሰው ወግ ነው» ትሉኛላችሁ። ያች ጉልት ቸርቻሪስ ጠግባ ነው ቅጣት የተጻፈባት? ያልተጠበቀ ኮድ መጀመሪያ የሚበላው የድሃውን ሳንቲም ነው፤ ሀብታሙማ ጠበቃ አለው። «አሁን እኮ ኤ.አይ. ይጽፈዋል» የሚሉም መጥተዋል። ይጻፍ! ሒሳብ ሹሙ ንጋት ላይ ሲደውሉ ግን ስልኩን የሚያነሳው፣ «ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ቅጣቱን ሰርዙላት» የሚለው ማነው? ጥገና ማለት ኮድ መጻፍ ብቻ አይደለም፤ ተጠሪ መሆን ነው።

ስለዚህ ጥያቄዬ አጭር ነው፤ ልመና ግን አይደለም፣ የመዋጮ ጥሪ ነው።

በነፃ ኮድ የምትነግዱ ድርጅቶች፦ ከፕሮግራመሮቻችሁ ለአንዱ በሳምንት ግማሽ ቀን ስጡት፤ የምትጠቀሙበትን ፓኬጅ ይጠግን። ደብዳቤ መጻፊያ ጊዜ ካላችሁ ለዚህም አላችሁ።

ዩኒቨርሲቲዎች፦ ተማሪው ሁሉ ለመመረቂያው «አዲስ ሲስተም» እንዲሠራ አታስገድዱት፤ ፈተናው ባለፈ ማግሥት የሚጣል ነው። የቆየ ፓኬጅ ተረክቦ 10 ስሕተት ያረመ፣ መመሪያውን በአማርኛ የጻፈ ተማሪ ይመረቅ። በማዕረግ ይመረቅ።

ከቤት ሳሎን ሆናችሁ ኮድ የለቀቃችሁ ወንድሞችና እህቶች፦ ደክሟችሁ መተው ነውር አይደለም። ዝም ብሎ መተው ግን ነውር ነው። ዴቢያን የሚባለው የሊነክስ ማኅበረሰብ እንኳ «ይህ ፓኬጅ ወላጅ አልባ ሆኗል፣ የሚያሳድገው ይምጣ» ብሎ የሚያስታውቅበት ሥርዓት አለው። እናንተም በሩ ላይ ለጥፉ። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ቁልፉን ለሁለት ያዙት። ለሚመጣውም «አንተ ማነህ?» በሉት፤ መጀመሪያ ለወራት ድንኳን ይስፋ፣ ቁልፍ ከዚያ በኋላ ነው።

እኔ የምችለውን አድርጌያለሁ። ዛሬ የዚያ ፓኬጅ ቁልፍ በ3 ሰው እጅ ነው፦ አንዱ አዲስ አበባ፣ አንዷ ባሕር ዳር፣ እኔ እዚህ። በወር አንዴ እሑድ ማታ በስልክ እንሰበሰባለን። የቀረ ይቀጣል፤ ቅጣቱ የሁለት ሰዓት ሥራ ነው። ዳኛ መርጠናል። መዋጮ የከፈለ የመጀመሪያው ድርጅት ያ «በጥብቅ የሚያሳስበው» አይደለም፤ የሒሳብ ሹሙ ትንሽ ማኅበር ነው።

ጳጉሜን 6 ቀን 2019 ዓ.ም. ደግሞ ይመጣል፤ ሉቃስ ተራው ነው። ሒሳብ ሹሙ ከወዲሁ ነግረውኛል፦ ያን ቀን ንጋት ላይ ይደውላሉ፣ «ዛሬ ስንት ቀን ነው?» ይላሉ። እኔ በዚያን ጊዜ ካይሮ ልኑር፣ ታምሜ ልተኛ፣ አላውቅም። እንዲያነሳው የምፈልገው ሌላ ሰው ነው።